የጉሮሮ ባክቴሪያ፣ የልጅ ውስዋስ እና የአንዲት እናት መጽሐፍ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። «ሴቪንግ ሳሚ» ይባላል፤ በአማርኛ «ሳሚን ማዳን» እንደማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ «ኦሲዲ የያዘውን ልጅ መፈወስ» የሚል ንዑስ ርዕስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ሲሆን፣ ጸሐፊዋ ቤዝ አሊሰን ማሎኒ የሕግ ባለሙያ ናት፤ ሦስት ወንዶች ልጆችንም ብቻዋን ታሳድግ የነበረች እናት። ከታተመ ዓመታት ቢያልፉም የሚያነሳው ጥያቄ እስካሁን አልተዘጋም፤ ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ ተራ ባክቴሪያ የልጅን አእምሮ ሊያናውጥ ይችላል ወይ?

መጽሐፉን ወድጄዋለሁ፣ አልተስማማሁበትም። ሁለቱ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ኦሲዲ ምን እንደሆነ እንግባባ። እኛ ዘንድ እጁን ደጋግሞ የሚታጠበውን፣ በሩን ቆልፎ ሄዶ «ቆልፌዋለሁ?» እያለ የሚመለሰውን ሰው «ወስዋሳ» እንለዋለን። ብዙ ጊዜ የምንለው በቀልድ ነው። ሕመም ሲሆን ግን ቀልድነቱ ይቀራል። ልጁ የማይፈልገው ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ እየተመላለሰ ያስጨንቀዋል፤ ጭንቀቱን ለማብረድ ደግሞ አንድን ድርጊት ይደጋግማል፤ ድርጊቱ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፈዋል፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ቀኑ በዚህ ያልቃል።

ሳሚ ይኖር የነበረው ሜይን በምትባለው የአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ግዛት ነው። ጎበዝና ተጫዋች ልጅ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ በትምህርት ቤት መዘጊያው ወራት፣ ድንገት ተለወጠ። ዓይኑን ጨፍኖ መሄድ ጀመረ። ሲበላም ይጨፍናል። ገላዬን አልታጠብም አለ። ግድግዳ እየታከከ ይሄዳል። መብራት ለማብራት፣ በር ለመክፈት፣ ቧንቧ ለመክፈት እጁን አይጠቀምም፤ በክንዱ ወይም በሌላ አካሉ ነው። በትንሽ በትልቁ በቁጣ ይገነፍላል። ሐኪሞች መጀመሪያ ኦሲዲ አሉት፣ ቀጥለው ቱሬት ሲንድረም የሚባለውን ያለፈቃድ የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴና ድምፅ ሕመም ጨመሩበት። ዕድሜ ልኩን አብሮት እንደሚኖርና ሆስፒታል እንደሚያመላልሰው ለእናቱ ተነገራት። እሷ ግን አልተቀበለችውም። ስትጠይቅ፣ ስታነብ፣ ስትደውል ከርማ ምክንያቱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው የሚሉ ሁለት ሐኪሞች አገኘች። ኦግመንቲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ለረጅም ጊዜ ወሰደ። ዳነ። መጽሐፉ ሲታተም ምልክቱ ከጠፋ ዓመታት ተቆጥረው ነበር።

የመጽሐፉ ትልቁ ሀብት ምልከታው ነው። አንድ ሐኪም ልጁን የሚያየው በቀጠሮ፣ ለጥቂት ደቂቃ ነው። እናት የምታየው ቀንና ሌሊት ነው። የትኛውን በር በየትኛው ክንዱ እንደሚከፍት፣ መች እንደባሰበት፣ መች እንደቀለለለት የምታውቀው እሷ ናት። የእኔ ትምህርት ምህንድስና ነው፤ በእኛ ሙያ ማሽን ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠይቀው ከማሽኑ አጠገብ የሚውለውን ሠራተኛ ነው። «ከመቆሙ በፊት ድምፁ ተቀይሮ ነበር» ይላችኋል። ያንን ጥቆማ ንቆ የሚያልፍ መሐንዲስ ቀኑን ሙሉ ብሎን ሲፈታ ይውላል። ማሎኒም ያንን ሠራተኛ ናት። «ልጄ ቀስ በቀስ አልተለወጠም፣ ድንገት ነው የተለወጠው» የሚለው ቃሏ መረጃ ነው፤ የእናት ስሜት ብቻ ብሎ መግፋት አይቻልም።

ሐሳቡም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ስትሬፕን ታውቁታላችሁ፣ ስሙን ባታውቁት እንኳ። ልጅ ሆናችሁ ጉሮሯችሁ አብጦ፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷችሁ፣ «ቶንሲል ነው» ተብላችሁ ከሆነ አንዱ ተጠርጣሪ እሱ ነበር። (ቶንሲል ሁሉ ስትሬፕ አይደለም፤ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ለዚህ ሕመም ተብሎ በአንዳንድ ቦታ የሕፃናትን እንጥል የመቁረጥ ልማድም አለ፤ ደም ከማፍሰስና ቁስል ከማመርቀዝ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም።) ስትሬፕ ጉሮሮን ለቆ ከሄደ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አንዳንድ ልጆች ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል። መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ ልባቸው ይጎዳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይሄ ነው፤ በአገራችን በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ ልብን ከሚጎዱ ሕመሞች ዋነኛው ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው የልብ ማዕከል ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁ ልጆች መካከል የብዙዎቹ ታሪክ ወደኋላ ቢጎተት የሚጀምረው ካልታከመ ጉሮሮ ነው። ሕመሙ ያለባቸው በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉትም ስትሬፕ ዳግመኛ እንዳይገባባቸው ነው።

ጉሮሮ ውስጥ የነበረ ባክቴሪያ ልብን እንዴት ይጎዳል? ባክቴሪያው ራሱ ልብ ድረስ አይሄድም። የሚሄደው የራሳችን መከላከያ ነው። አንድ ዘበኛ አስቡ። ሌባውን የሚያውቀው በለበሰው ጃኬት ነው። ሌባው የለበሰው ጃኬት ግን የቤቱ ልጅ ከለበሰው ጋር አንድ ዓይነት ሆነ። ሌባው ከተባረረ በኋላም ዘበኛው ዱላውን ይዞ የቤቱን ልጅ ያሳድደዋል። የስትሬፕ የላይ ፕሮቲኖች ከልብ ጡንቻ ፕሮቲኖች ጋር ይመሳሰላሉ፤ ባክቴሪያውን ለመምታት የተሠሩት አንቲቦዲዎች የራስን አካል ይመታሉ።

አንጎልስ? እዚህም የተረጋገጠ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1686 ቶማስ ሲደናም የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እጅና እግራቸው ያለፈቃዳቸው የሚወራጭ ልጆችን ገልጾ ጽፎ ነበር። ሕመሙ ዛሬ በስሙ ሲደናም ኮሪያ ይባላል። (ኮሪያ አገሪቱ አይደለችም፤ በግሪክኛ ጭፈራ ማለት ነው፣ ኮሪዮግራፊ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው።) ይህ ሕመም ከስትሬፕ በኋላ የሚመጣ፣ የሩማቲክ ትኩሳት አንድ መልክ መሆኑ ዛሬ አያከራክርም። የሚጎዳው ቤዛል ጋንግሊያ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነው፤ እንቅስቃሴን የሚቆጣጠር፣ ልማድንና ድግግሞሽንም የሚመራ ክፍል። እናም የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ተመራማሪ የነበረችው ሱዛን ስዊዶና ባልደረቦቿ ሲደናም ኮሪያ የያዛቸውን ልጆች ሲመረምሩ ከብዙዎቹ ጋር ውስዋስ አብሮ አገኙ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ራሱ መጣ፤ መወራጨቱ ሳይኖር ውስዋሱ ብቻውን ሊመጣ ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ1998 ስዊዶ የመጀመሪያዎቹን 50 ልጆች ታሪክ አሳተመች። ሕመሙንም ረጅም ስም ሰጡት፤ የእንግሊዝኛው ቃላት መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ፓንዳስ» ይሆናል። ቀርከሃ ከሚበላው እንስሳ ጋር ግንኙነት የለውም፣ ግን ስሙ እንዳይረሳ ረድቶታል። መመዘኛዎቹ አምስት ናቸው። ውስዋስ ወይም ቲክ መኖሩ፣ ከ3 ዓመት እስከ ጉርምስና ባለው ዕድሜ መጀመሩ፣ ድንገት መጀመሩና መነሳት መተኛቱ፣ ከስትሬፕ ጋር በጊዜ መገጣጠሙ፣ እና ሲነሳ እንደ መቅበጥበጥ ያሉ የነርቭ ምልክቶች መታየታቸው።

አሁን ወደ ቁርጡ እንምጣ። አራተኛው መመዘኛ፣ ማለትም «በጊዜ መገጣጠም»፣ መጽሐፉም ሆነ ክርክሩ የሚንጠለጠልበት ችንካር ነው። ይሄ ችንካር ምን ያህል ይችላል?

በነዚያው 50 ልጆች ላይ በድምሩ 144 የማገርሸት ጊዜያት ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ በምርመራ ከተረጋገጠ ስትሬፕ ጋር የተገጣጠሙት 45 ናቸው፤ ከሦስት አንድ ግድም። ሌሎች 60 ደግሞ ከጉሮሮ ወይም ከጉንፋን ዓይነት ሕመም ጋር ተገጣጥመዋል፣ ግን ስትሬፕ መሆኑ አልተረጋገጠም። ደግሞም ልጆቹ የተመረጡት መመዘኛውን ስላሟሉ ነው። መመዘኛው «ከስትሬፕ ጋር የተገጣጠመ» ይላል። ከተመረጡ በኋላ «እዩ፣ ከስትሬፕ ጋር ተገጣጥሟል» ቢባል ማስረጃ አይሆንም። ረጃጅም ሰዎችን ብቻ መርጦ አማካይ ቁመት እንደመለካት ነው። ስዊዶ ጥናቱን ያቀረበችው እንደ ሕመሙ መግለጫ ነው፣ ምክንያትን እንደሚያረጋግጥ ሙከራ አይደለም። ማሎኒ ግን እንደተዘጋ ፋይል ይዛዋለች።

እስቲ አብረን እናስላ። ምንም ሳያማቸው፣ ጉሮሯቸው ሳይቀላ፣ ስትሬፕን ይዘው የሚዞሩ ጤነኛ ልጆች አሉ። የተለያዩ ጥናቶች ሲደመሩ ቁጥራቸው 12 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አሁን እንበልና በአንድ ከተማ በዚህ ዓመት 200 ልጆች ኦሲዲ ጀመራቸው። ስትሬፕ ከኦሲዲ ጋር ጭራሽ ግንኙነት የለውም ብለንም እናስብ። ለ200ዎቹም የጉሮሮ ናሙና ቢወሰድ 24ቱ ላይ ስትሬፕ ይገኛል። ሃያ አራት ቤተሰብ! ለሁሉም አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ኦሲዲም ሆነ ቲክ ደግሞ በተፈጥሮው ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ነው፤ ወላጅ ሐኪም ፍለጋ የሚሮጠውም ከፍ ባለበት ሰሞን ነው። ከፍታው ላይ የጀመረ መድኃኒት፣ ስኳር እንኳን ቢሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን መውረድ በስሙ ያስመዘግባል። ከ24ቱ ግማሾቹ በቀጣዩ ወር ቀለል ቢላቸው 12 እናቶች «ልጄን ያዳነው አንቲባዮቲክ ነው» ብለው ይናገራሉ። አንዷም አልዋሸችም። ያየችውን ነው የተናገረችው።

በቁጥር ስሌቱ ውስጥ ያልታዩት ሌሎቹ 12 ናቸው። እነሱ መጽሐፍ አይጽፉም።

የደም ምርመራውም የራሱ ጣጣ አለው። በደም ውስጥ የሚለካው ባክቴሪያው ሳይሆን ሰውነት ያመረተው አንቲቦዲ ነው። ይህ አንቲቦዲ ከኢንፌክሽኑ በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ከፍተኛው ላይ ይደርስና ለወራት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። አንድ ጊዜ ለክቶ «ከፍ ብሏል» ማለት ስትሬፕ መቼ እንደገባ አይነግርም። የቆመ ሰዓት እንደማየት ነው። የጊዜ ጥያቄን ለመመለስ በሳምንታት ልዩነት ሁለት ናሙና ወስዶ ከፍ እያለ ነው ወይስ እየወረደ ነው የሚለውን ማየት ይጠይቃል።

በክረምት መብራት ሲጠፋ «ዝናቡ ነው» እንላለን አይደል? አንዳንዴ እውነት ነው። ግን ሐምሌ ላይ ዝናቡም በየቀኑ ይዘንባል፣ መብራቱም ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፤ ሁለት ተደጋጋሚ ነገሮች መገጣጠማቸው አይቀርም። ማወቅ ከፈለጋችሁ መብራት የጠፋባቸውን ቀናት ብቻ መቁጠር አይበቃም። ዘንቦ ያልጠፋበትን፣ ሳይዘንብ የጠፋበትንም መቁጠር አለባችሁ። ያውም ከመጥፋቱ በፊት ጀምራችሁ፣ ካለፈ በኋላ በትዝታ ሳይሆን።

ይህን ቆጠራ በልጆች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ሮጀር ኩርላን የመራው የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው ጥናት 40 የፓንዳስ ልጆችን በዕድሜና በጾታ ከሚመሳሰሏቸው፣ ውስዋስ ወይም ቲክ ካለባቸው ግን ፓንዳስ ካልተባሉ 40 ልጆች ጋር እያነጻጸረ ለሁለት ዓመት ተከታተለ። ወደፊት እየሄዱ ነው የመዘገቡት፣ ወደኋላ በማስታወስ አይደለም። በድምሩ ከተመዘገቡት 64 የማገርሸት ጊዜያት ውስጥ ከስትሬፕ ጋር በአራት ሳምንት ውስጥ የተገጣጠሙት 5 ብቻ ነበሩ። እዚህ ላይ «አበቃ፣ ፓንዳስ ውሸት ነው» ልትሉ ትችላላችሁ። ቆዩ። አምስቱም ከፓንዳስ ልጆች ወገን ነበሩ፤ በአጋጣሚ ብቻ ቢሆን ይጠበቅ የነበረው ደግሞ ከሁለት ያነሰ ነው። ስለዚህ የሆነ ነገር ያለ ይመስላል፣ ግን ትንሽ ነው፤ በነዚያው ልጆች ላይ እንኳን ከአራት ማገርሸት ቢያንስ ሦስቱ ከስትሬፕ ጋር አልተያያዙም።

ዴንማርክ ውስጥ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልጆችን የጤና መዝገብ የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ስትሬፕ የተገኘባቸው ልጆች ኋላ ላይ ኦሲዲ የመያዝ ዕድላቸው ምርመራ ካልተደረገላቸው ልጆች በ51 በመቶ ይበልጣል። ትልቅ ቁጥር ነው። ነገር ግን ጉሮሯቸውን ታመው ስትሬፕ ያልተገኘባቸውም ልጆች ዕድላቸው በ28 በመቶ ከፍ ብሏል። ታዲያ ጥፋተኛው ስትሬፕ ነው ወይስ በጥቅሉ ኢንፌክሽንና እሱን ተከትሎ የሚመጣው የሰውነት መቆጣት? ስትሬፕ ከሌላው በለጥ ብሏል፣ ብቻውን ግን አይደለም። ደግሞ በመቶኛ እንዳትደነግጡ፤ ትንሽ ነገር በግማሽ ሲጨምር ያው ትንሽ ነው። ስትሬፕ ይዞት ታክሞ የዳነ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም።

«መድኃኒቱ ሠርቷል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» የሚል አለ። መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ እኔን ደግሞ ይበልጥ ያስቆመኝ እዚህ ጋ ነው። አንድ መድኃኒት አንድ ሥራ ብቻ አይሠራም። ኦግመንቲን ውስጥ ያለው አሞክሲሲሊን ቤታ ላክታም ከሚባለው የአንቲባዮቲክ ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች በአንጎል ሴሎች ላይ ግሉታሜት የሚባለውን መልእክተኛ ኬሚካል ጠርገው የሚያነሱ ፕሮቲኖችን እንደሚያበዙ በቤተ ሙከራና በአይጦች አሳይቷል። ግሉታሜት ደግሞ በኦሲዲ ከሚጠረጠሩት አንዱ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ግኝት ራሱ ወደ ሰው ሕክምና ሲመጣ አልቀናውም፤ በሌላ የነርቭ ሕመም ላይ ተሞክሮ አልሠራም። የማነሳው ሳሚን ያዳነው ይህ ነው ለማለት አይደለም። ልጁ በአንቲባዮቲክ ተሽሎት ቢሆን እንኳ ሕመሙን ያመጣው ባክቴሪያ ነው ወደሚል ድምዳሜ ቀጥታ መንገድ እንደሌለ ለማሳየት ነው። ራስ ምታት በአስፕሪን ይቆማል፤ ራስ ምታት የሚመጣው ግን ከአስፕሪን እጥረት አይደለም።

የሕክምና ሙከራዎቹስ? ባጭሩ፣ የተቀላቀለ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ በወጣ ሙከራ በደም ሥር የሚሰጥ የአንቲቦዲ መድኃኒትና የደም ፕላዝማን የመቀየር ሕክምና ጥቂት ልጆችን በጣም ረድቶ ነበር፤ በወሩ የውስዋሱ ምልክት በ45 እና በ58 በመቶ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአንቲቦዲው መድኃኒት እንደገና፣ በ35 ልጆች ላይ፣ ሐኪሙም ታካሚውም ማን ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ሲሞከር፣ ከማስመሰያው ጋር በስታቲስቲክስ የሚለይ ውጤት አልታየም። የሁለተኛው ሙከራ መሪዎች መካከል ስዊዶ ራሷ መኖሯን ሳነብ ደስ ብሎኛል። የራስን ሐሳብ ለመጣል በሚችል ፈተና ላይ ማስቀመጥ ማለት ይሄ ነው።

መጽሐፉ የጎደለውም ይህ ነው። ማሎኒ ሐኪሞችን ለሁለት ትከፍላቸዋለች፤ በአንድ በኩል «አዎ» የሚሉ ብልሆችና ደፋሮች፣ በሌላ በኩል የማይሰሙ ግትሮች። ጠበቃ ናትና ትገባኛለች፤ ፍርድ ቤት ውስጥ ሥራዋ ለደንበኛዋ መከራከር ነው፣ ደንበኛዋ ደግሞ ልጇ ነው። ታዲያ «እስቲ ቆይ፣ እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ሐኪም በመጽሐፏ ውስጥ ቦታ የለውም። በእውነተኛው ዓለም ግን ያ ሰው ከሁሉም የበለጠ የሚያስፈልገን ነው። ግትሮቹም የሉም አልልም። ድንገት የተለወጠ ልጅ ይዛ የመጣችን እናት የጉሮሮ ናሙና እንኳን ሳይወስድ «ልጅሽ እንዲህ ነው፣ ለመዱት» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም ጥርጣሬው ሳይንስ ሳይሆን ስንፍና ነው።

ንዑስ ርዕሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእንግሊዝኛ ጉንፋንን የሚይዘው ሰውየው ነው፤ ኳስ እንደሚቀልቡት። በእኛ ቋንቋ ግን ያዡ በሽታው ነው፤ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን። «መንፈስ ያዘው» የሚለውም ከዚሁ ቃል ነው። ማሎኒ ርዕሷ ላይ የተጠቀመችው የእንግሊዝኛ ቃል ኦሲዲን ከጉንፋን ተርታ ያስቀምጠዋል፣ ዓላማዋም እሱ ይመስለኛል። ባክቴሪያ ንጹሕ ምክንያት ነው። ሲገባ የልጁ ጥፋት አይደለም፣ የእናቱም አስተዳደግ አይደለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኦቲዝም ምክንያት የእናቶች ቀዝቃዛ ፍቅር ነው ተብሎ ስንቶቹ እናቶች በሌላቸው ጥፋት እንደተወቀሱ ስታስቡ፣ አንዲት እናት ማይክሮስኮፕ ውስጥ የሚታይ ጥፋተኛ ስታገኝ ለምን አጥብቃ እንደያዘችው ይገባችኋል። እኛም አገር ልጁ ሲለወጥበት «ምን አድርገን ነው?» ብሎ የሚጨነቅ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የሚደብቅ፣ ጠበል ለጠበል የሚንከራተት ወላጅ አለ። የዚያ ወላጅ ሸክም እንዲቀል እኔም እፈልጋለሁ። ግን ሸክሙን ለማቅለል ባክቴሪያ አያስፈልግም። ባክቴሪያ ሳይገባ የመጣው ኦሲዲም የማንም ጥፋት አይደለም፤ አብዛኛው ደግሞ እንደዚያ ነው።

መጽሐፉ ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ስዊዶና ሁለት ባልደረቦቿ ሰፋ ያለ ስም አመጡ፤ «ፓንስ»። ስትሬፕን ከስሙ አወጡት። ድንገተኛ አጀማመሩን አስቀርተው ምክንያቱን ክፍት ተዉት። ከዚያ ወዲህ ሳቢ ነገሮችም መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት የፓንዳስ ልጆች አንቲቦዲዎች በአይጥ ቤዛል ጋንግሊያ ውስጥ ያሉ አንድ ዓይነት የነርቭ ሴሎች ላይ ሲጣበቁና ሥራቸውን ሲቀንሱ ታይቷል። ዘበኛው የቤቱን ልጅ ሲመታ እንደማየት ነው፤ በጥቂት ልጆች ደም የተሠራ ቢሆንም። የእናቶቹ ምልከታ ወደዚህ የመራ መሆኑን አትርሱ።

እስከዚያው ቤታችሁ ውስጥ ታናሽ ወንድም ወይም እህት እንዲህ ድንገት ቢለወጥ ምን ይደረጋል? ፋርማሲ ሄዶ ያለ ማዘዣ ኦግመንቲን መግዛት አይደለም፤ እኛ አገር ይህ ቀላል መሆኑ ነው ችግሩ። ያላስፈላጊ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ሆድ ያበላሻል፣ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችንም ያፈራል። የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄዶ ጉሮሮውን ማስመርመር ነው። ስትሬፕ ከተገኘ እንደ ማንኛውም ስትሬፕ ይታከማል፤ ለልቡም ቢሆን መታከም አለበት። ተገኘም አልተገኘም ደግሞ የውስዋሱ የራሱ ሕክምና መቆየት የለበትም። ልጁ የሚፈራውን ነገር በባለሙያ እገዛ ትንሽ በትንሽ እየተጋፈጠ፣ ድርጊቱን ሳይደጋግም ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ መቆየትን የሚማርበት ሕክምና አለ፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ይረዳል፣ በብዙ ሙከራዎችም ተፈትኗል። እየሄዳችሁ ሳለ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ያያችሁትን፣ ጉሮሮውን ያመመው እንደሆነና እንዳልሆነ ጻፉ፤ ደህና የሆነባቸውን ቀናትም ጭምር።